ምዕራፍ 6፦ ወላጅ አምጣ

አገራችን ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል። መስኮት የሰበረም፣ ሦስት ቀን የቀረም፣ የቤት ሥራ ያልሠራም መጨረሻው አንድ ነው፤ ደብተሩን ይዞ ከበሩ ውጭ መቆም።

ትእዛዙ የደረሰው ተማሪ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው እውነቱን ለቤተሰቡ መንገር ነው። ሁለተኛው ነገሩ እስኪረሳ ድረስ «ትምህርት ቤት ሄድኩ» እያለ ሌላ ቦታ መዋል ነው። ሦስተኛው ወላጅ መከራየት ነው። ሰፈር ውስጥ ኮት ያለው፣ አነጋገር የሚያውቅ፣ ሲያዩት አባት የሚመስል ሰው አይጠፋም። ሻይ ቤት የሚውል ጡረተኛ ሊሆን ይችላል፤ የጓደኛ ታላቅ ወንድም ወይም በመንገድ የተገኘ ተሸካሚም ይሆናል። ዋጋው እንደ ጥፋቱ ክብደት ከአንድ ሻይ እስከ አንድ ምሳ ይደርሳል። የኪራይ አባት ቢሮ ይገባል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ «ይሄ ልጅ እኮ እኔንም አቃጥሎኛል!» ይላል። አንዳንዱማ ድርሻውን አልፎ ጥፊ ያቀምሰዋል። ከዚያ ይፈርምና ይወጣል። ልጁ ክፍል ይገባል።

ይህን ወግ የቀድሞ ተማሪዎች ሲገናኙ እየሳቁ ያወሩታል። ግን ሳቁ ጋብ ሲል አንድ ነገር ልብ እንበል። መምህሩ የመጣው ሰው አባት አለመሆኑን አላወቀም። ለምን? እውነተኛውን አባት አይቶት ስለማያውቅ። ልጁ በዚያ ግቢ ሦስትና አራት ዓመት ተምሯል፤ የአባቱን ፊት ግን የሚያውቅ አንድም መምህር የለም። የኪራይ አባት ገበያ የሚያገኘው እውነተኛው አባት በማይታወቅበት ግቢ ነው።

የተከሳሽ ፖስታ

በጅማ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በሰርቦ፣ በቤተሰብና በመንግሥት ትምህርት ቤት መካከል ጠብ ሲነሳ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መቅረት፣ ዱላ፣ መዋጮ፣ ውጤት፣ አለባበስ። መንገዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። መምህሩ ለወላጅ የሚለውን በልጁ ይልካል፤ ወላጅም መልሱን በልጁ ይልካል። ፖስተኛው ተከሳሹ ራሱ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሥራ አለው። ልጁ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚፈራ ነው። ቤት ሲደርስ «ቲቸር ጠምዶኛል» ይላል። ትምህርት ቤት ሲመለስ «አባቴ አልመጣም ብሏል» ይላል። በሁለት ቀን ውስጥ ተያይተው የማያውቁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቀያይመው ያርፋሉ።

በጅማ አካባቢ ይህ ችግር አንድ ተጨማሪ እጥፋት አለው። ትምህርት ቤቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። አካባቢው ግን ከጥንት የብዙ ሕዝብ መገናኛ ነው። ኦሮሞው፣ የሙ፣ ከፊቾው፣ ዳውሮው፣ አማራው፣ ጉራጌው ጎን ለጎን ይኖራል። ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረም ብዙ ነው። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት በተስፋፋበት በዚህ አገር፣ ቁርኣን በዐረብኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ነገር ግን ቁቤም ፊደልም ያልቆጠረ አባት ማግኘት አይቸግርም። እንዲህ ያለው አባት ደብዳቤ ሲደርሰው ማን ያንብብለት? ልጁ። ክሱን ለዳኛው የሚያነበው ተከሳሹ ሆነ ማለት ነው። የቱን መስመር እንደሚዘል መገመት አያቅትም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ በቤተሰብና በትምህርት ቤት መካከል ያለውን ጠብ ለመፍታት የመጀመሪያው እርምጃ ልጁን ከመልእክተኛነት ማሰናበት ነው። የቀረው መመሪያና ሕግ፣ ሽምግልናና አቤቱታ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ጠቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቀይ ቡናና ስም መጥሪያ

በጎማ ወረዳ የሚኖር አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ጎማ የአጋሮ ዙሪያ ናት፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘባት የምትባለው ጮጬም በዚያው ወረዳ ናት። ትምህርት በመስከረም ተጀመረ። ጥቅምት ሲገባ ሳምንቱን ሙሉ ይማር የነበረው ልጅ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። በኅዳር ጭራሽ ጠፋ። ስም ጠሪው መምህር በመዝገቡ ላይ ቀይ ምልክት ሲደረድር ይከርማል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ልጁ ሲመለስ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። አባትየው መጥቶ «ልጄ ሌባ ነው? ሰው ገደለ? ቡና ነው የለቀመው!» አለ። መምህሩም «ታዲያ በቡናው ይፈተን!» አለ። ጠቡ ተጀመረ።

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ለማየት ቡናውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቡና እንደ ጤፍ በአንድ ጊዜ አይደርስም። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ፍሬ ጎን ለጎን ይገኛል። ጥሩ ዋጋ የሚፈልግ ገበሬ ቀዩን ብቻ እየመረጠ ይለቅማል፤ ቀናት አሳልፎ እንደገና ይመለሳል። መፈልፈያ ጣቢያ የሚገባው እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካና ጥራቱ ይወድቃል። በዛፉ ላይ የተተወው ይደርቃል ወይም ይረግፋል። «ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይልቀም» የሚለው የመምህሩ ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ቡናው ቅዳሜን አይጠብቅም። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ አፍርቶ በሚቀጥለው ዓመት የመቀነስ ጠባይም አለው። በዘንድሮው ኅዳር ግማሹ የጠፋበት ክፍል በሚቀጥለው ኅዳር ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ይህን የማያውቅ ርዕሰ መምህር ለውጡን የራሱ ቁጥጥር ያመጣው ይመስለዋል።

በሌላ በኩል መምህሩ የያዘው እውነት አለ። በጥቅምትና በኅዳር የሚያልፈው ትምህርት የዓመቱ መሠረት ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ በመጋቢት ስለ መቶኛ ሲነገር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሕጉም የራሱ ቃል አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የአባትን ማሳ መርዳት ቅጥር አይደለም፤ ሌላ ሰው ማሳ ላይ በኪሎ እየተከፈሉ መልቀም ግን ወደዚያው መስመር ይጠጋል።

ይህ ጠብ የጅማ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ አሩስቱክ በሚባለው የድንች አገር፣ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ቀድመው ይከፍቱና በመስከረም አጋማሽ ላይ እስከ ሦስት ሳምንት ለድንች ለቀማ ይዘጉ ነበር፤ ጥቂቶቹ ልማዱን እስከ ቅርብ ጊዜ ጠብቀዋል። ስኮትላንድም በጥቅምት የምትሰጠው ዕረፍት ድሮ ልጆች ድንች የሚለቅሙበት ስለነበር ዛሬም በአንዳንድ ቦታ በድንች ስም ይጠራል። እንግሊዝ ግን በሌላው አቅጣጫ ሄዳለች። አንድ አባት የ6 ዓመት ልጁን በትምህርት ጊዜ ፍሎሪዳ ወዳለው የመዝናኛ ስፍራ ስለወሰደ 60 ፓውንድ ተቀጣ፤ አልከፍልም ሲል 120 ሆነ፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2017 እ.ኤ.አ. አባትየው ተረታ። ፍርድ ቤቱ «በመደበኛነት መማር» ማለት ትምህርት ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት መማር ነው አለ። አንዱ አገር የቀን መቁጠሪያውን አስተካከለ፤ ሌላው ወላጁን ቀጣ።

የእኛም አገር አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለውን ለአርብቶ አደሩና መደበኛ ትምህርት ላልደረሰው ልጅ ሲያዘጋጅ የትምህርቱን ሰዓትና ወቅት ከአካባቢው ኑሮ ጋር የማጣጣምን መንገድ ተከትሏል። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በቡና አገር ያለ ትምህርት ቤት ዓመቱን በሙሉ መቀየር ባይችል እንኳ በመስከረም ወላጆችን ሰብስቦ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፦ ዘንድሮ ቡናው እንዴት ነው? የትኛው ሳምንት ይበረታል? ልጁ በጠዋት ፈረቃ ተምሮ ከሰዓት መልቀም ይችላል ወይ? ከዚያ የማካካሻ ትምህርቱ ቀን አስቀድሞ ይቆረጣል። በታኅሣሥ የሚደረግ ጭቅጭቅ በመስከረም ቢደረግ ስሙ ውይይት ይሆን ነበር።

ባዶ ኪስ በመስከረም

የቀን መቁጠሪያው ሌላም ጠብ ያመጣል፤ የገንዘብ ጠብ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በመንግሥት ወጪ እንዲሆን አድርጓል። ትምህርት ቤት ግን ጥበቃ ይፈልጋል፤ አጥር፣ ጠመኔ፣ የተሰበረ ወንበር አለ። ስለዚህ መዋጮ ይመጣል። መዋጮ በስሙ የፈቃድ ነው። በተግባር ግን «ያላዋጣ አይመዘገብም»፣ «ያላዋጣ ካርድ አይሰጠውም» የሚል ነገር ይከተለዋል፤ ወላጅም «ነፃ ነው አላላችሁም ወይ?» ይላል።

ጠቡ የሚከፋው የጊዜው አመራረጥ ነው። ምዝገባ የሚካሄደው በነሐሴና በመስከረም ነው። በቡና አገር ይህ ወቅት የዓመቱ ባዶ ኪስ ነው። ያለፈው ዓመት ቡና ተሸጦ ገንዘቡ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው፤ ደብተርና ዩኒፎርም በዱቤ ይገዛል። ያው ወላጅ በጥር ቢጠየቅ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል። በመስከረም ሲጠየቅ ግን አለመስጠቱ እንቢተኝነት ይመስላል፤ ልጁ ሲባረርበት ደግሞ እንቢተኝነቱ እውነት ይሆናል። መዋጮን ከምዝገባ ለይቶ ወደ ቡና ሽያጭ ወር ማዛወር አንድም ብር ሳያስወጣ ግማሹን ቅያሜ ያጠፋል።

ሌላው መፍትሔ ሒሳብ ማሳየት ነው። ወላጆች የሚቆጡት ብር ስለተጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ያለፈው ዓመት ብር የት እንደገባ ስላልተነገራቸውም ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ በየወሩ ሒሳብ ያቀርባል። እድርተኛው ይህን የለመደ ሕዝብ ነው፤ ከትምህርት ቤትም ያንኑ ይጠብቃል።

የካቲት 1966

ቤተሰብና የመንግሥት ትምህርት ቤት የተጣሉበት፣ ጠቡም አገር ያናወጠበት ጊዜ በታሪካችን አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሙያዎችን ሰብስቦ ስለ ትምህርት ሰፊ ጥናት አስጠና። የጥናቱ ዋና ሐሳብ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት በፍጥነት ማዳረስና ከዚያ በላይ ያለውን መጥኖ ማስፋፋት ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ አብዛኛው ሕፃን ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልደረሰበት አገር ብዙዎችን ለማስተማር የታሰበ ዕቅድ ነው።

ወላጆች የሰሙት ግን ሌላ ነው፦ «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ተፈረደበት።» ላም ሸጦ፣ ከማሳው አስቀርቶ ልጁን የላከ ገበሬ ልጁ ተመልሶ ገበሬ እንዲሆን አይደለም የላከው። መምህራንም ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሠጉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለመተው ተገደደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የትምህርት ዕቅዱ ብቻውን ዘውድ አላወረደም፤ ከተጠራቀመው ቁጣ አንዱ ግን እርሱ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ነገር ከአጋሮው ክፍል የራቀ አይደለም። ዕቅዱ በባለሙያዎች መካከል ተዘጋጅቶ ወላጅና መምህር ጋ የደረሰው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ እንደ ፈራ ልጅ ነው፤ መልእክቱን ከሁለቱም ጫፍ ቆርጦ የሚያስፈራውን ብቻ ያደርሳል።

ከዱላ እስከ ሕግ

በድሮ ጊዜ ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይል ነበር። ስምምነቱ ግልጽ ነው፤ ዱላው ተፈቅዷል። ዛሬ ስምምነቱ ተቀይሯል፤ የተቀየረው ግን በወረቀት ላይ እንጂ በሁሉም ሰው ልብ ውስጥ አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕፃናትን በሚመለከት ለሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ እንዲሆንም ያዛል።

ሆኖም አንድ መምህር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወላጅ ሊያስተናግድ ይችላል። አንደኛዋ «ልጄን ለምን መቱብኝ?» ብላ ትመጣለች። ሁለተኛው «ለምን አይመቱልኝም? እኔ አልቻልኩትም» ይላል። መምህሩ በሁለቱ መካከል የሚቆምበት መሬት ሕጉ ነው። ለሁለተኛው ወላጅ «አባቴ፣ እኔ መምታት አልችልም፤ ሕግ ይከለክለኛል፤ እንዴት እንደምንይዘው ግን እንመካከር» ማለት የሚችል መምህር ከመጀመሪያዋም ወላጅ ጋር አይጣላም።

ልጁ ሲጎዳስ? እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ቁጣው ትኩስ እያለ ግቢ ገብቶ መምህሩን መሳደብ፣ አልፎም መተናነቅ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ከሳሽ የነበረው ቤተሰብ ተከሳሽ ይሆናል፤ የልጁ ጉዳት ይረሳል። የተሻለው መንገድ በመጀመሪያ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዶ የሕክምና ማስረጃ መያዝ ነው። ቀጥሎ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ማን ፊት እንደተፈጸመ ይጻፋል። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ይቀርባል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከሆነ ግን ቅደም ተከተል የለም፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ነው።

ጃርሱማ የሚገባበትና የማይገባበት

የጅማ አካባቢ ሕዝብ ጠብ የሚፈታበት የራሱ ባህል አለው። ኦሮሞው ጃርሱማ ይለዋል፤ የአገር ሽማግሌዎች በሁለት ተጣይ መካከል ገብተው የሚያስታርቁበት ሥርዓት ነው። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። በየቀበሌው ሽማግሌ ቢኖርም በትምህርት ቤት ጉዳይ ላይ ሲጠራ ግን አይታይም። ርዕሰ መምህሩ የሚያስበው ስለ ወረዳው ነው፤ ወላጁም ስለ ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ሽማግሌው በመሐል ይረሳል።

ሽማግሌ የሚጠቅመው መቼ ነው? ነገሩ ክብር ሲሆን ነው። መምህሩ ወላጁን ከተማሪዎች ፊት ያዋረደው ከሆነ፣ ወላጁ መምህሩን በገበያ የተሳደበ ከሆነ፣ ሁለቱም «እኔ ቀድሜ ይቅርታ አልልም» ብለው ከተፋጠጡ፣ መመሪያ አይፈታውም። ሽማግሌ ግን ሁለቱንም ሳያዋርድ እርቅ የሚያወርድበትን ቃል ያውቃል። ሼሁም፣ ቄሱም፣ የእድሩ ሰብሳቢም ለዚህ ይሆናሉ። ደግሞም ሽማግሌ አንድ ጥሩ ልማድ አለው፤ ልጅን አስቀምጦ በአባቱ ላይ አያስመሰክርም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ትልልቆቹን ለየብቻ ይሰማል።

የማይገባበትም ቦታ አለ፤ ይህ በግልጽ መባል አለበት። ሴት ተማሪ ተደፍራ «ለቤተሰብ ክብር» ተብሎ በሽምግልና የሚሸፈን ነገር እርቅ አይደለም። ልጅ አካሉ ጎድሎ በካሳ የሚዘጋ ነገርም እርቅ አይደለም። እርቁ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ነው፤ የተጎዳችው ልጅ ግን በእርቁ ላይ አልነበረችም።

ፈተና አይጠብቅም

አንዳንድ ጠብ የሰውም የግቢም አይደለም፤ የመርሕ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች እንዳይገቡ በመከልከላቸው የተነሳው ጉዳይ የቅርብ ምሳሌ ነው። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ150 በላይ ተማሪዎች ትምህርታቸውና የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባቸው እንደተስተጓጎለ ገለጸ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥር ጊዜያዊ እግድ ተሰጠ፤ በመቀሌም ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። የሃይማኖት ነፃነትንም በሌላ አንቀጽ ያረጋግጣል። ሁለቱን አስማምቶ የአለባበስ ደንብ ማውጣት የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ደንቡ ግን ከወላጆች ጋር ካልወጣ በበሩ ላይ ያለው ዘበኛ የሃይማኖት ዳኛ ይሆናል። ሙስሊሙ በሚበዛበት በጅማ ዞንም ሆነ ክርስቲያኑ በሚበዛበት በአክሱም ሥጋቱ መልኩን ቀይሮ ያው ነው፤ ቁጥሩ ያነሰው ቤተሰብ ደንቡ ሲጻፍ በክፍሉ ውስጥ ነበረ ወይ?

ከአክሱም የሚወሰደው ሌላው ትምህርት የጊዜ ነው። ፍርድ ቤት ለውሳኔ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የፈተና ምዝገባ ግን በቀኑ ይዘጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠብ ያጋጠመው ቤተሰብ ሁለት ጥያቄ ለይቶ ማቅረብ አለበት። አንደኛው «ልጄ ጉዳዩ እስኪወሰን እየተማረች ትቆይ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ደንቡ ይታይልኝ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ዛሬ መመለስ አለበት፤ ሁለተኛው ቢዘገይም ልጅቷን አይጎዳም።

መሰላሉ

ነገሩ በንግግር ካልተፈታ ወዴት ይኬዳል? ብዙ ወላጅ ከመጀመሪያው ደረጃ ዘሎ ወረዳ ይሄዳል፤ ወረዳውም «ከትምህርት ቤቱ የተሰጠህ መልስ የታለ?» ብሎ ይመልሰዋል። መሰላሉ እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያ ስም ጠሪ መምህሩ። ከዚያ ዩኒት ሊደሩ ወይም ምክትል ርዕሰ መምህሩ፤ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወላጅ ኮሚቴ የምንለው የወላጅና የመምህር ኅብረት አለ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ ባወጣው መመሪያ ይህ ኅብረትና በቀበሌ ደረጃ ያለው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ውስጥ ቦታ አላቸው። ኮሚቴው ግንብ ሲሠራ ብቻ የሚጠራ አይደለም፤ የዲሲፕሊን ጉዳይና የወላጅ ቅሬታም ይመለከተዋል። ከዚያ በላይ የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር፣ የወረዳው ወይም የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የዞኑ፣ በመጨረሻም የክልሉ ትምህርት ቢሮ ናቸው።

ከመሥሪያ ቤቱ ውጭም በሮች አሉ። የአስተዳደር በደልን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

በየደረጃው የሚያዘው ወረቀት አንድ ገጽ ይበቃዋል። ምን ሆነ፤ መቼ ሆነ፤ ማንን አነጋገርኩ፤ ምን ተባልኩ፤ ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ። አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው በመጨረሻው ላይ ነው። ሦስት ገጽ በደል ይተርካል፤ የሚፈልገውን ግን አይናገርም። «ፍትሕ ይሰጠኝ» የሚል ወረቀት መዝገብ ቤት ይቀመጣል። «የልጄ መልቀቂያ እስከ ዓርብ ይሰጠኝ» የሚል ወረቀት ግን መልስ ያስገድዳል።

መልቀቂያው በተለይ ለቡና አገር ትልቅ ነገር ነው። የለቀማ ሠራተኛ ቤተሰብ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ልጁ ያለ መልቀቂያ ይመጣል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት አልቀበልም ይላል፤ የቀድሞው ሩቅ ነው። ልጁ በሁለት መዝገብ መካከል ዓመቱ ያልፍበታል። ከመንገድ በፊት የሚወሰድ አንድ ወረቀት ይህን ጠብ ከመወለዱ በፊት ያስቀረዋል።

ያለ ክስ የመጣ ወላጅ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ያኔ ወላጅ መምህሩን፣ መምህሩ ወላጁን፣ ሁለቱም ተማሪውን ወቀሱ። ሁሉም የሚለው ነገር ነበረው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች በውጤቱ ቀን ሲገናኙ የሚቀራቸው መወቃቀስ ብቻ ነው።

የአካባቢው ገበሬ ዳዶ የሚለው የሥራ ልማድ አለው። ዛሬ አንተ ማሳ ላይ፣ ነገ እኔ ማሳ ላይ። ዳዶ የሚጠራው ሰው ጎረቤቱን የሚያገኘው በጠብ ቀን አይደለም፤ በሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ድንበር ላይ አንድ ቀን ቢጋጩ እንኳ የሚነጋገሩበት የቆየ ቃል አላቸው። ትምህርት ቤትና ቤተሰብ የጎደላቸው ይህ ነው። ስም ጠሪ መምህሩ በመስከረም፣ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ በገበያ ቀን አንዱን አባት አግኝቶ «ልጅዎ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው» ቢለው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ክስ የለውም፤ ፊርማም የለውም።

በኅዳር ያ ልጅ ሲጠፋ መምህሩ የሚያናግረውን ሰው ያውቃል። አባትየውም የሚጠራው ማን እንደሆነ ያውቃል። ልጁ ሻይ ቤት ሄዶ ኮት ያለው ሰው ቢፈልግም አይጠቅመውም፤ መምህሩ አባቱን በመልክ ለይቶታል።